ሽምግልናና ብሕትውና ከአባቶቻችን ታሪክ

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ ኀምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ምድር ታርፋለች፥ ሰውም ሁሉ ወደ ርስቱ ይመለሳል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 ደግሞ ሌላ የኀምሳ ዓመት ሥርዐት ተጽፎ እናገኛለን። ሌዋዊ ኀምሳ ዓመት ሲሞላው ከከባዱ አገልግሎት ይወጣል፤ ነገር ግን ከወንድሞቹ አይለይም፥ በመገናኛው ድንኳን ከእነርሱ ጋር ጥበቃውን ይጠብቃል። እኔም ከኀምሳ ያለፍሁ ሰው ነኝና ይህን ባነበብሁ ቍጥር ስለ ራሴ አስባለሁ። ስለዚህ ለዚህ የበዓል መጽሐፍ ጥቂት እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ቀደምት አባቶቻችንና እናቶቻችን ከዓለም ገለል ያሉበትን ታሪክ ላስታውሳችሁ ወደድሁ።

ዐፄ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ የናግራንን ክርስቲያኖች ደም ከተበቀለ በኋላ፥ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአክሱም አጠገብ ወዳለው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ ገባ ይተረካል። ቅዱስ ያሬድም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፥ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳለ፥ የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙ እስኪፈስስ ድረስ አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ የደሙን ዋጋ የወደደውን እንዲጠይቅ ባዘዘው ጊዜ፥ ያሬድ የለመነው ወርቅ ወይም ሹመት አልነበረም፤ ከዓለም ወጥቶ ይመነኵስ ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡም እያዘነ አሰናበተው፤ እርሱም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ተጋድሎውን በዚያ ፈጸመ።

ነገር ግን ዜማው አብሮት አልተሰወረም። እኛ በገሳይ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በጎረቤታችን በጋይንት ምድር በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥእት፥ በቤተልሔም ድጓ ተምረው የሚያስመሰክሩ ሊቃውንት ሲወጡ እናያለን። ያሬድ ከቤተ መንግሥት ወጣ፤ ድምፁ ግን ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም።

ገለል ማለት ሁሉ ግን እንዲህ ያማረ አይደለም። አድያም ሰገድ ኢያሱ ሃያ አራት ዓመት ያህል ነግሦ፥ የሚወዳት ቅድስት ክርስቶስ በሞተችበት ጊዜ ኀዘኑ ጸንቶበት ወደ ጣና ደሴት ሄደ። መንግሥቱን በሥርዐት ሳያስረክብ ሕዝቡን ተለይቶ ተቀመጠ። ወዲያው ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ፤ ንጉሡም በጥቅምት 1699 ዓ.ም. በጣና ደሴት ተገደለ። ከዚህም የምንማረው፥ የሚወጣ ሰው የያዘውን አደራ አስረክቦ መውጣት እንዲገባው ነው።

እቴጌ ምንትዋብም ባሏን፥ ልጇንና የልጅ ልጇን ቀብራ በእርጅናዋ በጎንደር በላይ ባሠራችው በቍስቋም ተቀመጠች፤ በ1765 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈች። ሆኖም በሯ የተዘጋ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ፥ በግቢዋ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች እንዲያክም ወደ ቍስቋም ተጠርቷል።

የባላገሩም ሥርዐት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሰው ልጆቹን ድሮ ጕልበቱ ሲደክም ቆብ ይደፋና በደብሩ ቅጥር አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል። ከልጆቹ ወይም ከዘመዶቹ አንዱን ጧሪ ቀባሪ አድርጎ ርስቱን ይሰጠዋል፤ ያም እስከ ዕለተ ሞቱ ይጦረዋል፥ ሲሞትም ቀብሮ ተዝካሩን ያወጣል። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ የርስት ውል ፈረሰ። የኋላው ሕግ በመሬቱ የመጠቀምን መብት ማውረስ ቢፈቅድም፥ ዛሬ ብዙዎቹ ልጆች ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። ጎጆው አለ፤ ጧሪው ግን ሩቅ ነው።

አንድ የራሴን በደል ልናገር። የቅኔ መምህሬ ባረጁ ጊዜ ወንበራቸውን ለደቀ መዝሙራቸው ለቀው ከደብሩ ማዶ ጎጆ ቀለሱ። ልጃቸው ወደ ከተማ ልትወስዳቸው ብትለምናቸው እንቢ አሉ። ወሬ ይዞ የመጣውን ይመልሱታል፤ ቅኔ ሊቈጥር የመጣውን ግን ያስገቡታል። ዕንጨታቸውንና ውኃቸውን የምናመጣላቸው እኛ ተማሪዎቹ ነበርን። በአንድ ክረምት የጉና ጉም ወርዶ መንገዱ በጨቀየበት ሰሞን፥ «የኔታ እንደ ሆነ ብቻቸውን መሆን ይወዳሉ» ተባብለን አራት ቀን ሳንሄድ ቀረን። በአምስተኛው ቀን ብንደርስ ምድጃው በርዶ፥ እንስራው ባዶ ሆኖ፥ እርሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘናቸው። አልተቈጡንም፤ «እሳቱን አንድዱና ቅኔያችሁን ቍጠሩ» አሉን። ቢቈጡን በቀለለኝ ነበር። ስንፍናችንን በእርሳቸው ምናኔ ሸፍነነው ነበርና።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ ብቻውን መኖርን የመረጠ ሰው መረሳትን አልመረጠም። ገለል ማለት የሽማግሌው ፈቃድ ነው፥ ልናስገድደውም ልንከለክለውም አይገባንም፤ ደጁን መጠበቅ ግን የእኛ ዕዳ ነው። ስለዚህ የዚህ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ እንዲሆን፥ እያንዳንዱ የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ በቅጥራችን ዙሪያ ካሉት ጎጆዎች አንዱን ይያዝ፤ በየሳምንቱ ዕንጨትና ውኃ ያድርስ፥ ከሰንበቴውም እንጀራ ይክፈል። ከዚያም ብዙ ሳይቀመጥ፥ ወሬም ሳያበዛ፥ ቡራኬ ተቀብሎ ይመለስ። ሽማግሌው ጸሎቱን ይጠብቅልን፤ እኛም ምድጃው እንዳይበርድ እንጠብቅለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።