«ቼ በለው»፦ ያለ ግጥም የተናገረው ሸክላ

በካምደን ታውን፣ ፓርክዌይ ላይ የሚገኘው «ጃዝ ካፌ» ከ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጃዝን፣ ሶልንና ፈንክን በአንድ መድረክ ሲያስተናግድ መቆየቱ ይታወቃል። እዚህ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ሳክስፎን ከፈንክ ምት ጋር ተዋህዶ ሲሰማ፣ ነገሩ ሁሉ ከአሜሪካ ብቻ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባም በዚህ ረገድ የራሷ ድርሻ አላት። ለዚህም ጥሩ ምስክር የሚሆነው በ1977 የወጣው የዋሊያስ ባንድ አልበም «ቼ በለው» ነው።

እንደሚታወቀው በንጉሡ ዘመን ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቴአትር ቤቶች ነበሩ። መሣሪያውም ሆነ ተጫዋቹ የመንግሥት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ዋሊያስ ግን ራሱን ችሎ የቆመ ባንድ ነበር። በመጀመሪያ በቬነስ ክለብ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የምሽት ክለብ ታዳሚ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ሲጨፍር ያድር ነበር። ሙዚቀኞቹም እንዲሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ያነጉ ነበር።

በአልበሙ ላይ ኦርጋኑን የተጫወተው ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኑንና ዋሽንቱን የነፋው ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዙን የያዘው መላከ ገብሬ ሲሆኑ፣ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፏል። እጅግ የታወቀው ሥራ «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ቤዙና ከበሮው አንዲትን አጭር ሐረግ ሳይሰለቹ ይደጋግማሉ፤ ይህ የፈንክ ጠባይ ነው። በላዩ ላይ እነሳክስፎን የሚነፉት ዜማ ግን በአገራችን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ ነው። ከዚህም የተነሳ ሙዚቃው ከጄምስ ብራውን ጋር ቢዛመድም ማንም ኢትዮጵያዊ የራሱ መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል። «ሎሚ ተራ ተራ»ን የመሰሉ የቆዩ ዜማዎችም በዚሁ መልክ ተሠርተው በአልበሙ ውስጥ ይገኛሉ።

ዓመቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 1977 የቀይ ሽብር ዘመን ነበር። የዘፈን ግጥም ሁሉ በሳንሱር ፊት ያልፍ ነበር። በ«ቼ በለው» ውስጥ ግን ሳንሱር የሚሰርዘው ቃል አልነበረም። ሕዝቡ ድምፃዊ በለመደበት አገር፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙሉ አልበም ማውጣት ራሱ ድፍረት ነው። የሸክላም ዘመን እያበቃ፣ ገበያውን ካሴት እየተረከበው ነበር።

በ1981 ባንዱ ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ በዚያው ቀሩ። እንደ ብዙው ስደተኛ ሁሉ ኑሮ ከሙያቸው ጋር አታገላቸው። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው ኮፈን ይዞ ይዞር፣ መንገደኛ እስኪያገኝም ይለማመድ ነበር።

በዚህ መካከል ሸክላው በባዕዳን እጅ ገባ። በ1998 «ዘ ዳክታሪስ» የተባለ የኒውዮርክ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንደ አዲስ ተጫውቶ ቀረጸው። በ2013 ደግሞ ኃይሉ በ1985 ያወጣው ካሴት በውጭ አገር አሳታሚ እንደገና ሲታተም፣ እርሱም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ይህን ሙዚቃ ፈረንጁ በውድ ዋጋ ሲገዛው የኛ ልጆች የእነማን ሥራ እንደሆነ ካላወቁ ጉዳቱ የኛው ነው። ሸክላው ወይም ካሴቱ ቤቱ ያለ ወላጅ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያሰማቸው፤ የተጫዋቾቹንም ስም አንድ በአንድ ይንገራቸው።