በሎንዶን ግንብ ይታያሉ ስለሚባሉት ምትሐቶች

በማናቸውም አገር ቢሆን ሲመሽ ሰው የማያልፍበት፣ «ሙታን ይታዩበታል» እየተባለ የሚፈራ ሥፍራ አይጠፋም። አንዱ የፈረሰ ቤት፣ ሌላው ገደል፣ ሌላውም አሮጌ ግንብ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ ብዙ ሰው የክረምት ሌሊት ማሳለፊያ ጨዋታ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኛ ግን ታሪክ ስንማር አንድ ነገር አስተውለናል፤ ወሬው ተረት ቢሆንም እንኳ ተረቱ የተተከለበት ሥፍራ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ግፍ የተፈጸመበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ በዓለም ከታወቁት ከነዚህ ሥፍራዎች አንዱን፣ የሎንዶንን ግንብ መርምረን፣ ወሬው ከየት እንደ መጣና ለታሪክ ተማሪ ምን እንደሚጠቅም ላንባብያን ልንገልጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባናል። ታናሹ ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ ለወዳጁ ለሱራ በላከው ደብዳቤ በአቴና ስለ ነበረ አንድ ቤት ይተርካል። በዚያ ቤት ሌሊት ሌሊት የሰንሰለት ድምፅ ይሰማ፣ ቀጥሎም ጢሙ የረዘመ፣ እጅ እግሩ የታሰረ ሽማግሌ ይታይ ነበርና ቤቱን የሚከራይ ሰው ጠፋ። አቴኖዶሮስ የሚባል ፈላስፋ ግን የኪራዩን መርከስ አይቶ ምክንያቱን ጠየቀ፤ ከሰማም በኋላ ተከራየው። ሌሊት ተቀምጦ ሲጽፍ ሽማግሌው መጥቶ በእጁ ጠቀሰው፤ ተከትሎት ቢወጣ በግቢው ውስጥ ተሰወረበት። በማግሥቱ ሥፍራው ቢቈፈር በሰንሰለት የታሰረ የሰው አፅም ተገኘ። አፅሙ በሥርዓት ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ ይላል ጸሐፊው። እንግዲህ የብዙው የምትሐት ወሬ መሠረት ይኸው ነው፤ ፍርድ ወይም መቃብር የተነፈገ ሰው።

ወደ ሎንዶን ግንብ እንመለስ። ይህን ግንብ ያስጀመረው በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል አድርጎ የያዘው ንጉሥ ዊልያም ነው። በመካከሉ የቆመው ነጩ ግንብ 27 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ሥፍራው በየዘመኑ ቤተ መንግሥት፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትና ወኅኒ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ዛሬም የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድና ጌጣጌጥ በዚያ ይጠበቃል።

በግንቡ ከሚታዩት ሁሉ ይልቅ ስሟ የሚነሣው ንግሥት አን ቦሊን ናት። እርስዋ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። በ1533 ዓ.ም. ዘውድ ጫነች፤ በዚያው ዓመት ልጅዋን ኤልሳቤጥን ወለደች። ንጉሡ ግን የሚመኘው ወንድ ወራሽ ነበር። በግንቦት 1536 ዓ.ም. ንግሥቲቱ በዝሙትና በንጉሡ ላይ በማሤር ተከሳ በዚሁ ግንብ ታሰረች። ከተከሰሱት ወንዶች አንዱ የገዛ ወንድሟ ነበር፤ ፍርዱንም በበላይነት የመራው የገዛ አጎቷ ነበር። በ19 ግንቦት በሰይፍ ተቀላች። ለሬሳዋ የሚሆን ሣጥን ስላልተዘጋጀ የቀስት ማኖሪያ በነበረ ሣጥን እንደ ተቀበረች ይነገራል። ንጉሡም አሥራ አንድ ቀን ቈይቶ ሌላ ሚስት አገባ። የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት አብዛኞቹ ክሱን አይቀበሉትም።

እንግዲህ ሕዝቡ «ራሷን በብብቷ ይዛ ትዞራለች» የሚላት ይህችን ሴት ነው። በ1864 ዓ.ም. አንድ ዘበኛ ነጭ ነገር ሲመጣበት አይቶ በሳንጃ ቢወጋው ሳንጃው ባዶ አየር እንዳገኘና ራሱን ስቶ እንደ ወደቀ፣ በሥራው ላይ ተኝቷል ተብሎ ቢከሰስም በምስክር ነጻ እንደ ወጣ ይተረካል። እኛ ይህን የምናቀርበው እንደ ወሬ እንጂ እንደ ታሪክ አይደለም።

ሁለተኛው ወሬ ስለ ሁለት ሕፃናት ነው። በ1483 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ሲሞት የ12 ዓመቱ ልጁ ኤድዋርድ 5ኛ ሊነግሥ ይገባው ነበር። ነገር ግን አጎታቸው ልጁንና የ9 ዓመት ታናሽ ወንድሙን በግንቡ አስቀምጦ ራሱ ሪቻርድ 3ኛ ተብሎ ነገሠ። ከዚያ በጋ ወዲህ ልጆቹን ያየ የለም። በ1674 ዓ.ም. በነጩ ግንብ አጠገብ ደረጃ ሲያፈርሱ የነበሩ ሠራተኞች የሁለት ልጆች አፅም አገኙ፤ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን እንዲያርፍ አደረገ። አፅሙ በ1933 ዓ.ም. ቢመረመርም የማን እንደ ሆነ በእርግጥ አልታወቀም። ሕዝቡ ግን ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይታያሉ ይላል። ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም፤ በአገራችንም ዙፋን እንዳይሻሙ ተብለው ብዙ የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን፣ በኋላም በወኅኒ አምባ ዕድሜያቸውን በግዞት ፈጽመዋል።

አንዳንድ አንባብያን «ታዲያ ዘበኞቹ ያዩት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጨለማ፣ ብቸኝነትና ቀድሞ የተሰማ ወሬ ብዙ ነገር ያሳያሉ። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሚሠራበት ቤት ብርድ ብርድ ይለው፣ በዐይኑም ጠርዝ ግራጫ ጥላ ያይ ነበር። ቢመረምር አንድ የአየር ማራገቢያ በሴኮንድ 19 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ሲያወጣ አገኘ፤ ማራገቢያው ሲስተካከል ጥላው ቀረ። ይህንንም በ1998 ዓ.ም. አሳተመ። ለወሬው ሁሉ መልስ ባይሆንም የመመርመርን ጥቅም ያስተምራል። በአዲስ አበባም የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሰዎች በግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀሱ ያየው ሕዝብ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር ይታወቃል። በዚያ ቤት የነበረው ሰይጣን መብራትና ፊልም ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድን ነው? በሎንዶን ግንብ ብዙ ሹማምንትና ጠባቂዎች ኖረዋል። ሕዝቡ ይበልጥ ያልረሳው ግን ራሷን የተቀላችውን ንግሥትና የጠፉትን ሕፃናት ነው። የንጉሡ መዝገብ ንግሥቲቱን ከዳተኛ ብሎ ዘጋ፤ ወሬው ግን መዝገቡ እንዳይዘጋ አደረገ። ደሙ ከምድር እንደ ጮኸው እንደ አቤል፣ ግፍ የተፈጸመበት ሰው ዝም አይልም የሚል እምነት በሰው ልብ አለ። ወሬው በዚህ መልካም ሥራ ሠርቷል።

ነገር ግን ጉዳትም አለው። ጎብኚው ራስ የሌላትን ሴት ለማየት ሲጓጓ፣ ራሷን ያስቈረጠውን የሐሰት ክስ፣ ንጉሡን ፈርተው የፈረዱትን ዳኞችና ዝም ያለውን ሸንጎ ይረሳል። ምትሐት ማንንም አልገደለም፤ አን ቦሊንን የገደላት በሕግ ስም የተሰጠ ፍርድ ነው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በየመንደራችን «እገሌ ታየበት» የሚባል ሥፍራ ሲነገረን፣ ከመሸሻችንና ከመሳቃችን በፊት በዚያ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ፈረደበት፣ ለምንስ እንደ ሞተ ሽማግሎችን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም እንጻፍ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ወሬ የሸፈነውን እውነት ማጥራት የታሪክ ተማሪ ፋንታ ነው።