ፊት ላለመንሳት

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ከወንዝ ዳር ይነሣል።

እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ኦገስት 1 ቀን 1874 በካናዳዋ ማኒቶባ፣ ሬድ ወንዝ ዳር፣ አንዲት የእንፋሎት ጀልባ ስደተኞችን አራገፈች። ሜኖናይቶች ነበሩ። የሩሲያው ዛር ወንዱን ሁሉ ለውትድርና የሚያስመዘግብ ሕግ ሲያወጣ፣ መሣሪያ ማንሣት በእምነታቸው ነውር ነበርና አገር ለቀቁ። ካናዳ ከውትድርና ነፃ አደረገቻቸው፤ ለብቻቸው የሚሰፍሩበት መሬትም ከለለችላቸው። የስታይንባክ ከተማ በዚያው ዓመት እዚያ ተቆረቆረች።

ስማቸው ለኛም ባዕድ አይደለም። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራችን ከገቡ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሥራ የበቀለች ናት። የዛሬው ታሪክ ግን የዚያች የማኒቶባ ሰፈር ነው።

ደራሲ ሚርያም ቴቭስ በ1964 የተወለደችው ስታይንባክ ነው። በ2004 ያሳተመችው ልቦለድ፣ ርእሱ በአማርኛ «የተወሳሰበ ደግነት» ቢባል ያስኬዳል፣ በዚያው ዓመት የካናዳ ጠቅላይ ገዢን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ።

ተራኪዋ ኖሚ የ16 ዓመት ልጅ ናት። በሜኖናይት መንደሯ የተወገዘ ሰው በቁሙ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ሰላምታ የለም፣ አብሮ ማዕድ መቁረስ የለም። ባልም ቢሆን ሚስቱን ማነጋገር አይፈቀድለትም። የመንደሩ ሰባኪ ደግሞ የኖሚ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ነው። ታላቅ እህቷ ቀድማ ኮበለለች። ቀጥሎ እናቷ ተወግዛ ጠፋች። አባቷ ሬይ መምህር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ሚስቱንም ይወዳል። ሚስቱ ያላንዳች ቃል መውጣቷ ከሁለቱ አንዱን እንዳይመርጥ ነበር።

ቴቭስ የአባትየውን ኀዘን በእንባ አታሳየንም። ሬይ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ይሸጣል። ኖሚ ወደ ቤት በገባች ቁጥር የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ክፍሎቹ ባዷቸውን ይቀራሉ። በመጨረሻ እሷም ትወገዛለች። ሬይ ከልጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዝም ተባብሎ ከመኖር መሄድን ይመርጣል፤ መኪናውንና ቤቱን ትቶላት።

ቅድመ አያቶች ጥይት ላለመተኮስ አገራቸውን ጥለው ወጡ። እናትና አባት ፊት ላለመንሳት ቤታቸውን ጥለው ወጡ።