የሰንጠረዥ ወረራና የሳይኪክ ነጥብ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአንድን የጨዋታ ሕግ ታሪክ መመርመር ነው። ጥያቄው የተነሣብን ከመጻሕፍት ቤት ሳይሆን ከጨዋታ ጠረጴዛ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን፥ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት ሰፊ ግቢ ብዙም በማይርቀው በአንደኛችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ እንጫወታለን። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው ወታደር ወይም ጠንቋይ ወይም ሌባ ሆነው የሚያደርጉትን በቃል ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ዳይስ ይፈርደዋል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሳይኪክ የሚባል አለ። እርሱም በሐሳቡ ብቻ ዕቃ የሚያነሣና የሰው ልብ የሚያነብ ነው።

ክርክራችን በዚህ ሰው ላይ ነበር። ኃይሉ በነጥብ ይለካል፤ ነጥቡም የሚመለሰው ሌሊት ሲያርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የኛ ሳይኪክ በመጀመሪያው ጠብ ነጥቡን ኹሉ አፍስሶ ጠላቱን ይጨርስና «እንግዲህ እንደር» ይላል። ወታደሩ ሰይፉን ሳይመዝ ቀኑ ይመሻል። ይህ ቀልድ አይምሰል፤ ከጓደኞቻችን ኹለቱ በዚሁ ምክንያት መምጣት ትተው ነበር።

ሕጉን ለማሻሻል የሞከርነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ጨዋታውን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አሳተሙት። የሐሳብ ኃይል የገባው በ1976 በወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉ ራሱን የቻለ ክፍል ሳይሆን ዳይስ የቀናው ተጫዋች የሚያገኘው ትርፍ ሀብት ነበር። በ1991 ሳይኪኩ የራሱ መጽሐፍና የራሱ የነጥብ ጎተራ ተሰጠው፤ በ2001ና በ2004 የወጡት መጻሕፍት ጎተራውን አስተካከሉት እንጂ አላፈረሱትም። በ2010 ኃይሉ በየጊዜው በነጻ የሚሠራ ሆኖ ነጥቡ ለማጠንከሪያ ብቻ እንዲወጣ ተደረገ። ከ2015 እስከ 2017 «ሚስቲክ» በሚል ስም ሌላ ረቂቅ ለሙከራ ቀረበ፤ ይኸም በኋላ ተተወ።

ከኹሉ የሚያስደንቀን የ2020 ሙከራ ነው። በዚያ ረቂቅ ነጥብ ቀርቶ ሳይኪኩ አንድ ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ያዘ፤ ትልቁ ቍጥር ሲወጣለት ዳይሱ በአንድ ደረጃ ያንሳል፥ አንድ ሲወጣለት ያድጋል። ያማረ ሐሳብ ነበር፤ ኃይለኛ ዕድል ኃይልን ያደክማል ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የታተመው መጽሐፍ ግን ይህን ትቶ በቍጥር የተወሰኑ ዳይሶችን ሰጠ፤ እነርሱም ሲያልቁ በዕረፍት ይመለሳሉ። ስሙ ዳይስ ይባል እንጂ ያው ጎተራ ነው። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ መሻሻል ተደርጎ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ኃይሉን የሚቈጥረውም የሚያወጣውም በአመዛኙ ሳይኪኩ ራሱ ነው።

በዚህ ላይ ሳለን ነው የአገራችንን ሰንጠረዥ ያስታወስነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የስታቲስቲክ ገጽ ነው፤ ጨዋታውን ቼዝ ይሉታል። የቀድሞው ሰንጠረዥ ግን የፋርስና የዐረቡ ሻጥራንጅ ወንድም ሆኖ የራሱ ጠባይ ነበረው። ገበታው ጥቁርና ነጭ ቤት የሌለው፥ በቀይ ጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ የተከፈለ ነበር። ንጉሥ፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይሰለፉበታል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ማየቱን በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። የእንግሊዝ ቈንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው የተወው ጽሑፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ከሰፈራችን በላይ በእንጦጦ ምኒልክ ከተማቸውን ባደረጉበት ዘመን ከጐናቸው የነበሩት እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ኮኤን በ1911 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ በአንድነት አሰባስበው አሳትመዋል።

የሰንጠረዥ ልዩ ጠባይ ወረራ የሚባለው ክፍል ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ኹለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ የፈለጉትን ያህል፥ መደባቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ የራሱን አሰላለፍ ያፈርሳል፤ እጅ ከእጅ ይጋጫል። ይህ ኹሉ የሚቆመው የመጀመሪያው መደብ ሲበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። ልብ እንበል፤ በወረራ ጊዜ እንቅስቃሴ አይቈጠርም፥ ጎተራም የለውም። ወሰኑን የሚያበጀው ባላጋራ ነው፤ በፈለገ ሰዓት አንድ መደቅ በልቶ በሩን ይዘጋዋል። ብዙ ያዘጋጀ ይጠቀማል፤ አብዝቶ የሚያዘጋጅ ግን ሳያስበው ይበላበታል።

ይህን ወደ ሳይኪካችን አመጣነው። ነጥቡን ሰረዝንና እንዲህ ደነገግን፤ በጠብ መጀመሪያ ላይ ማንም ሰው ሳይቈስል ሳይኪኩ ያለ ቍጥር ኃይሉን ይዘርጋ፤ የመጀመሪያው ደም ሲፈስ በሩ ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላ በየተራው አንድ ብቻ ያድርግ፥ ቀድሞ የዘረጋው ግን ይጽና።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አልሆነም። ጓደኛችን ሩብ ሰዓት ያህል ድንጋይ ሲያንሳፍፍና በር ሲቈልፍ እኛ ሻይ ጠጣን። ጥፋቱ የኛ ነበር። ወረራ የኹለት ወገን መሆኑን ረስተን ለአንዱ ብቻ ሰጥተነው ነበር፤ ያለ ባላጋራ ወረራ ደግሞ ወሰን የሌለው ጎተራ ማለት ነው። ለኹለተኛው ሙከራ ጠላትም በዚያው ጊዜ ያለ ተራ እንዲሰለፍ፥ ቀስት እንዲገትር፥ ከፍ ያለ ቦታ እንዲይዝ ፈቀድን። ወዲያው ነገሩ ተለወጠ። በሩን ለመዝጋት ይቸኵል የነበረው ወታደራችን ሆነ፤ ሳይኪኩ «አንዲት ብቻ ትቅረኝ» ሲል ወታደሩ ጠላት ኮረብታውን ሳይጨርስ ሰይፉን መዘዘ። ኹለቱም እውነት ነበራቸው፤ ተጣሉ፥ ግን ከጨዋታው ሳይወጡ ተጣሉ። ከቀሩት ጓደኞቻችን አንዱ በአራተኛው ቅዳሜ ተመልሷል።

በንጽጽራችን ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። በሰንጠረዥ ገበታው ለኹለቱም ተጫዋቾች ግልጥ ነው፤ የተሰወረ ነገር የለም። በኛ ጨዋታ ግን ሳይኪኩ ከግድግዳ ኋላ ሆኖ፥ ጠላቱ ተኝቶ ሳለ፥ ሊወርር ይችላል። የሚያይ ባላጋራ ከሌለ በሩን የሚዘጋ የለም፤ የድሮው ችግር በጓሮ ይመለሳል። አንዳንዶቻችን በድብቅ ጊዜ ወረራ አይኑር አሉ። ሌሎቹ ይህ ሳይኪኩን ከሌባው ያሳንሰዋል ብለው ተቃወሙ። እኛ ወደ መጀመሪያው ሐሳብ እናዘነብላለን፤ ወረራ የተባለው ልማድ የተሠራው ፊት ለፊት ለተቀመጡ ኹለት ሰዎች ነውና።

ሰንጠረዥ ሌላም ሕግ ነበረው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም፤ በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ድልም ክብሩ አነስተኛ ነበር። አሸናፊው ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን በምን እንዳሸነፈም ይታይ ነበር ማለት ነው። ይህን ለጠንቋዩ እንሞክረው ወይስ ለወታደሩ የሚለው ገና አልተቈረጠም፤ ሳይኪኩ ግን ለእርሱ እንዳይሆን አስቀድሞ አመልክቷል።