ዳንቴልና አፎሻ

የድሬዳዋ ታሪክ ሲተረክ መጀመሪያ የሚነሳው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ ከሐረር ተራራ ግርጌ ሲደርስ ዳገቱን መውጣት ስላልቻለ ከተማዋ እዚያው ሜዳው ላይ ተቆረቆረች። የከዚራ ሰፈር በመሐንዲስ መስመር፣ የመጋላ ሰፈር በገበያ ግርግር አደጉ፤ የደቻቱ ወንዝ በመካከላቸው ቀረ። ከሐረር፣ ከሸዋ፣ ከየመን፣ ከግሪክና ከሌላም ሌላም የመጡ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች እንዴት ጎረቤት እንደሆኑ ግን ሐዲዱ አይነግረንም። ሰፈር በግንበኞችና በሹሞች ስም ብቻ ሊገለጽ አይችልም። ሰፈርን ሰፈር ያደረገው ሴቶች እጃቸው ላይ ሥራ ይዘው አብረው የተቀመጡበት ሰዓት ነው ብዬ እከራከራለሁ። መረዳዳቱ የበቀለው ከዚያ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለመረዳዳቱ ማጣፈጫ ሆኖ ኋላ የተጨመረ አይደለም።

የነገሩ ሥር ከባቡሩ ይቀድማል። በደጋው አገር ጥጥ መዳመጥና መፍተል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነበር። እንዝርት ዓይንን ሙሉ በሙሉ አይጠይቅም፤ አፍና ጆሮ ነፃ ናቸው። ስለዚህ ፈተል ለብቻ ከሚሠራ ይልቅ ከጎረቤት ጋር ቢሠራ ይቀላል። በሐረር ደግሞ የስፌቱ ሥራ የራሱ ቤት ነበረው። ልጃገረዶች ሞያ ጋር በሚባለው፣ ሙያዋ በተመሰከረላት ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት ይማሩ ነበር። የሠሩት ስፌት ሲዳሩ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሙሽራይቱ እጅ የሚመዘነው በዚያ ነው። እዚያ አብረው የተቀመጡት ልጆች ሲያድጉ አፎቻ በሚባለው የመረዳጃ ማኅበር መገናኘታቸው የሚያስገርም አይሆንም። ሲድኒ ዋልድሮንና ፒተር ኮይን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አፎቻን በሐረር ኅብረተሰብና በአስተዳደሩ መካከል ያለ ድልድይ አድርገው ገልጸውታል። ሥራው ግን ከሁሉ በፊት ሰርግና ለቅሶ ነው፤ ሴቶቹም የራሳቸው አፎቻ አላቸው። ድሬዳዋ ሲወርድ አፎሻ ተባለ፣ ከደጋ ከመጣው እድርና ከጽዋ ማኅበር ጎንም ቆመ።

ድሬዳዋ ላይ የተለወጠው የእጅ ሥራው ዓይነት ነው። በዚህ ሙቀት የሱፍ ሹራብ ማን ይለብሳል? ስለዚህ ኪሮሹ የያዘው የጥጥ ክር ነው። ለረከቦቱ፣ ለሬዲዮኑ፣ ለሶፋው መደገፊያ፣ ለሙሽራ አልጋ የሚሆን ዳንቴል ተሠራ። ዳንቴል በሴቶች ትምህርት ቤት የቤት ሙያ ክፍለ ጊዜም ይማሩት ነበር፤ ብዙዎች የተማሩት ግን ከጎረቤት ነው፣ አበባውን አይተው፣ ዙሩን ቆጥረው። ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪወርድ ድረስ አንድ ክብ ያልቃል። በዚያ መካከል የማን ልጅ ታመመ፣ የማን ባል ከሥራ ወጣ፣ ማን ሊድር ነው የሚለው ሁሉ ይሰማል። ለተቸገረ ሰው የሚደረገው እርዳታ የሚጀምረው ከዚህ ወሬ ነው፤ ችግሩ ሳይሰማ ማን ይደርሳል? ሴቶቹ አብረው ወጣ የሚሉበት ጊዜም ከዚሁ የተያያዘ ነበር። ክርስቲያኖቹ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ማኅበራቸውን ይዘው ዳገት ይወጣሉ፤ ሙስሊሞቹ ወደ አውሊያ መቃብር ለዚያራ ይሄዳሉ። ስንቁን ለማዘጋጀትና ለመጓጓዣው ገንዘብ ለማዋጣት የተለመደው መተማመን፣ ነገ ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ያገለግላል።

መንግሥት ይህን የመሰለ ስብስብ ራሱ ሊያቋቁም ሞክሯል። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተመሠረተው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ለዘማቹ ፋሻና ልብስ አዘጋጅቷል። መርፌና ክር ለአገር ከዋሉባቸው ጊዜያት አንዱ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ማኅበሩ ከነፃነት በኋላም የእጅ ሥራ ሲያስተምር ቆይቶ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ከሰመ። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው አብዮታዊ የኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም የደርግን ዕድሜ አላለፈም። ሁለቱም ብዙ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ግን ከላይ ወደ ታች የተዘረጉ ነበሩ። አፎሻውና እድሩ ሦስት ሥርዓት አልፈው ዛሬም አሉ። ልዩነቱ በበጎነት መጠን አይመስለኝም። የሰፈሩ ስብስብ ከእርዳታው ሌላ አባላቱን የሚያገናኝ ምክንያት ነበረው፤ ሰው የሚመጣው ጓደኛውን ለማየት ነበር።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። በእድርና በአፎሻ ያልመጣ ይቀጣል፣ መዋጮ ያልከፈለ ይሰረዛል፤ ታዲያ ይህ በጎ ፈቃድ ነው ወይ? እውነት ነው፣ በውዴታና በግዴታ መካከል ያለ ነገር ነው። ሆኖም ቅጣቱ ስለሚያስፈራ ብቻ ሌሊት ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው የለም። ቅጣቱ የሚያገለግለው ቸልተኛውን ለማስታወስ ነው፤ ከደንቡ በላይ የሚደረገው፣ የአራስ ጎረቤትን ልጅ መያዝ፣ ለታመመች ሴት እንጀራ መጋገር፣ በደንብ አይጻፍም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ወቀሳ ነው፦ መዋጮ የሌላት ድሃ ከስብስቡ ውጭ ትቀራለች። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ በኑሮ ውድነት ጊዜም ይብሳል። ይሁን እንጂ አባል አለመሆኗ ለቡና የተጠራችበትን ቤት አይከለክላትም፤ መዝገቡ ያገለላትን ሴት ብዙ ጊዜ የሚያስታውሳት ይኸው ቡና ነው። ስለዚህም ነው ጨዋታውን ከመዝገቡ አስቀድሜ የምቆጥረው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሺዎችም ሲፈናቀሉ፣ በማግሥቱ ያስፈለገው ማን የት ቤት እንደነበር ማወቅ ነበር። ይህን ዕውቀት በአንድ ቀን የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት የለም፤ አብሮ በመቀመጥ፣ ዓመት በዓመት ላይ የሚከማች ነው። ዛሬ ወጣቶችን በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት አሰማርቶ የአረጋውያንን ቤት ማደስ መልካም ነው፤ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ግን ቀድመው የሚያውቁት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው።

ዳንቴል ራሱ እየቀነሰ ነው። ፋብሪካ የሠራው ልብስ ረክሶ ገበያ ሞልቶታል፣ ሴቶቹም ከቤት ውጭ ይሠራሉ። ኪሮሹ ባይኖርም መቀመጡ በሌላ ምክንያት ሊቀጥል ይችላል፤ ታሪኩ ግን እየጠፋ ነው። የባቡሩ መዝገብ፣ ፎቶግራፉና ደብዳቤው ተጠብቋል። የሴቶቹ የአፎሻና የእድር ደብተሮች ግን በየቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ብል ሳይበላቸው በፊት የከተማዋ ሙዚየሞችና ዩኒቨርሲቲው ባለቤቶቻቸውን አስፈቅደው ሊገለብጧቸው፣ የሽማግሌ ሴቶቹንም ቃል ሊቀዱ ይገባል።