ብላክ ካንየን፦ ክፈፉ ያስገባውና ያስቀረው

ፎቶግራፍ ለሚጀምር ሰው በቶሎ ከሚነገሩት ብልሃቶች አንዱ የተፈጥሮ ክፈፍ ነው። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የዋሻ አፍ ወይም የገደል ጥግ በምስሉ ዳር ሲገባ ዓይን ሳይባዝን ወደ ዋናው ነገር ያመራል። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከታች ሆኖ ያነሳ ሰው፣ ዙሪያውን የከበበው ዐለት ይህን ሥራ ሲሠራለት አይቷል። ክፈፍ ግን አጥርም ነው፤ የሚያስገባውን ያህል ውጭ ያስቀራል። ከሄንደርሰን፣ ኔቫዳ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቀው ብላክ ካንየን የተባለው ሸለቆ ለዚህ ምስክር ነው።

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በማንሳት የታወቀው ቲሞቲ ኦሳሊቫን እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። በሌተናንት ጆርጅ ዊለር ከሚመራ የጦር ሠራዊት የቅየሳ ቡድን ጋር የኮሎራዶን ወንዝ ሽቅብ ይጓዝ ነበር። በዘመኑ የመስታወቱ ሰሌዳ ኬሚካል ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ተነስቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። በዚህ ድካም ካወጣቸው ምስሎች በአንዱ፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ገደሎች ቆመው፣ መካከላቸው ጸጥ ያለ ውኃና አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠባት ጀልባ ትታያለች።

ጉዞው ግን የአንድ ሰው አልነበረም። ጀልባዎቹ ብዙ ጊዜ በገመድ እየተጎተቱ ነው ወደ ላይ የወጡት፤ አገሩን የሚያውቁ የሞሃቬ ተወላጆችም አብረው ነበሩ። ኦሳሊቫን በሌሎች ምስሎች አንስቷቸዋል። ከዚህኛው ክፈፍ ግን ውጭ ናቸው፤ ተመልካቹ የሚያየው ባለቤት የሌለው የሚመስል ምድር ነው። ቡድኑ ደግሞ የመጣው ካርታ ሊሠራ፣ ማዕድንና መንገድ ሊፈልግ ነበር።

ከ1931 እስከ 1935 በዚያው ሸለቆ 221 ሜትር ከፍታ ያለው ሁቨር ግድብ ተሠራ። ቤን ግላሃ ግንባታውን ለመንግሥት ሲያነሳ፣ ሁለቱ ገደሎች እንደገና ክፈፍ ሆኑ፤ በጀልባዋ ቦታ ኮንክሪት ቆመ። በሥራው ላይ ከነበሩት ሺህዎች መካከል ጥቁሮች ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም ነበር፤ ለሠራተኞች በተሠራችው ቦልደር ሲቲም መኖር አልተፈቀደላቸውም። በ1932 ጥቁር ቆፋሪዎች ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ አለ። ዓለም የሚያውቀው ግን በገደል የተከበበውን ግድብ ነው።

የግድቡ ኤሌክትሪክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የማግኒዥየም ፋብሪካ አስነሳ፤ ሄንደርሰንም ከፋብሪካው ሰፈር ተወለደች። በ1943 ለጥቁር ሠራተኞች ካርቨር ፓርክ የሚባል መንደር ለብቻው ተሠራ። ንድፉን ያወጣው ራሱም ጥቁር የሆነው አርክቴክት ፖል ዊሊያምስ ነበር።

ዛሬ በላስ ቬጋስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሩቅ የመጣ ዘመድ ሲቀበሉ ወደ ግድቡ ይወስዱታል። ከ2010 ጀምሮ ሸለቆውን የሚሻገረው ድልድይ ላይ ቆመው፣ ሁለቱን ገደሎች ዳርና ዳር አድርገው ያነሳሉ። ፎቶው ሁልጊዜ ያምራል። የካርቨር ፓርክ ታሪክ ግን ያለው እዚያ ለመድረስ ባለፉባት ከተማ ውስጥ ነው፤ እሱን የሚያሳይ ገደል የለም።