የተመረጡትና የቀሩት፦ ከኦበርሃውዘን የአጭር ፊልም ፌስቲቫል ታሪክ



የፊልም ፌስቲቫል ታሪክ እንደ ሽልማት ዝርዝር ብቻ ሲጻፍ እታዘባለሁ። ቀድሞ የከሰልና የብረት ከተማ የነበረችው የጀርመኗ የኦበርሃውዘን ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። የከተማዋን የአጭር ፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ1954 የመሠረቱት የጎልማሶች ትምህርት ተቋም ኃላፊ የነበሩት ሂልማር ሆፍማን ናቸው። በ1961 አሌክሳንደር ክሉገና ፔተር ሻሞኒ በኑረምበርግ የቆሙትን የናዚ ሕንጻዎች የሚመረምር፣ 12 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም በዚያ አሳዩ፤ ብዙዎች ሊረሱት ስለፈለጉት ዘመን ድንጋዩ መሰከረ። በዓመቱ 26 ፊልም ሠሪዎች በዚያው መድረክ የአሮጌውን የጀርመን ሲኒማ ማክተም በመግለጫ አወጁ።

ይኸው መድረክ ግን በ1968 በአዲሱ የፊልም ድጎማ ሕግ ላይ የሚሳለቀውን የሄልሙት ኮስታርድን አጭር ፊልም ከመርሐ ግብሩ አወጣ። ብዙ ጀርመናውያን ፊልም ሠሪዎችም ከጎኑ ለመቆም ሥራዎቻቸውን ከፌስቲቫሉ አነሡ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ መምረጥ ሥልጣን ነው። ስለዚህ በየከተማችን የአጭር ፊልም መድረክ ለማዘጋጀት የምታስቡ ተማሪዎቼ፣ የተመረጡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ፊልሞች ከነምክንያታቸው በመዝገብ አኑሩ። ያ መዝገብ ከሌለ፣ ነገ የሚመጣው የታሪክ ጸሐፊ የመራጮቹን ቃል ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል።